ስለ ጨዋታና ስለ ነጻነት

ሰው በሥራው ይከበራል የሚለውን ምክር ያልሰማ ወጣት የለም። አባቶቻችን ሥራ መፍታትን እንደ ደዌ ያዩት ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ቆቡን እየቀደደ የሰፋው መነኩሴ እስከ ዛሬ መተረቻ ሆኖ ይኖራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ሥራ ይህን ያህል የተመከረ ወጣት ስለ ጨዋታ ምን ተመከረ? «ጨዋታህን ተውና ሥራህን ያዝ» ከመባል በቀር የሚሰማው የለም። ከዚህም የተነሣ ጨዋታ ከሥራ የተሰረቀ ጊዜ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ጨዋታ እንደ ሥራ ሁሉ በኅሊና ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ነገር ነው እላለሁ። መጫወት ነውር ነው ወይስ አይደለም ብዬ አልጠይቅም፤ መጫወትማ ለሰው ልጅ እንደ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ጥያቄዬ፣ አንዱ ሲጫወት በዚያው ስፍራ ሌላው ምን ይሠራል? የሚል ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ ከሩቅ ልጀምር። በረዶ በሚበዛበት አገር ሰዎች እጅግ ከሚወዷቸው ጨዋታዎች አንዱ ስኪ የሚሉት የበረዶ ላይ ሸርተቴ ነው። የብርዱ ወራት ሊያልፍ ሲል፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር፣ በረዶው ግን ገና ተራራውን ሳይለቅ፣ የከተማው ሰው ወደ ተራራ ይወጣል። በሁለት ረጃጅምና ቀጫጭን ጣውላዎች ላይ ይቆማል፤ በገመድ የሚሳብ ወንበር ሽቅብ ያወጣዋል፤ ከዚያም በገዛ ክብደቱ እንደ ጭልፊት ቁልቁል ይወርዳል። ታች ሲደርስ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ፣ እየሣቀ፣ እንደገና ለመውጣት ይቸኩላል። ይህን ሰው ሥራ ፈት ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ የብዙ ቀን ድካሙን በዚያ አንድ ቀን አራግፎ ይመለሳልና።

ይሁን እንጂ ያ ጣውላ መጀመሪያ ለጨዋታ አልተሠራም። በሰሜን አውሮጳና በሰሜን እስያ የሚኖሩ ሕዝቦች ከብዙ ሺሕ ዓመት በፊት የፈለሰፉት አውሬ ለማደንና በበረዶ የተዘጋ መንገድ ለማቋረጥ ነው። እንደ ሞፈርና ቀንበር ያለ የኑሮ መሣሪያ ነበር። ወደ ጨዋታ ከለወጡት ሰዎች መካከል ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1825 የተወለደው ሶንድሬ ኑርሄይም የሚባል ኖርዌያዊ ነው። ኑርሄይም የሰው መሬት ተከራይቶ የሚኖር ድኻ ገበሬ ነበር። ለምለም የዛፍ ቀንበጥ ገምዶ ተረከዙን ከጣውላው ጋር አያያዘው፤ በዚህም ያለ ፍርሃት ለመዝለልና ለመታጠፍ ቻለ። በ1868 በዋናው ከተማ በክርስቲያኒያ፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው፣ በተደረገው ውድድር ሰውን ሁሉ አስደነቀ። በ1884 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1897 ሲሞትም ባለጠጋ አልነበረም። ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ ግን፣ በ1924፣ በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ኦሊምፒክ ተደረገ። የአዳኝና የገበሬ መሣሪያ የዓለም ጨዋታ ሆነ። ሥራ እንዲህ አድርጎ ወደ ጨዋታ ይለወጣል።

የእኛ አገር ተራሮች አልፎ አልፎ በረዶ ቢያዩም ለሸርተቴ የሚበቃ አይሆንም። ሆኖም ኢትዮጵያዊ ከዚህ ጨዋታ ፈጽሞ አልቀረም። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በሌክ ፕላሲድ ስኪ የተማረ ሰው ነው። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር በቶሪኖ በተደረገው የበረዶ ወራት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ተሰለፈ፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ውድድር ስለ ኢትዮጵያ የቆመ ሰው አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር ደገመ። የእርሱ ስኪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚወጡበት ዓይነት አይደለም፤ ሽቅቡንም ቁልቁሉንም ሜዳውንም በገዛ ጉልበት የሚሮጡት ነው። በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ይለማመድ ነበር። ሜዳልያ አላገኘም። ነገር ግን በዚያ አስፋልት ላይ ላቡን ያፈሰሰው ወድዶና ፈቅዶ ነው፤ በቃኝ ባለበት ቀን ጣውላውን ከእግሩ ፈትቶ ለማስቀመጥ ከልካይ አልነበረውም። ይህችን «በቃኝ» የምትለውን ቃል በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ከሥራ ወደ ጨዋታ የሚወስደውን መንገድ አየን። ከጨዋታ ወደ ሥራ የሚወስድ ሌላ መንገድም አለ። እርሱን ለማየት በረዶ ወዳለበት አገር መሻገር አያስፈልግም፤ የጋሞ ተራራ ይበቃል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ሰው ከቆላ ወደ ደጋ ይሻገራል። የሙዙ ተክል ይቀርና እንሰቱና ቀርከሃው ይተካል፤ በሸሚዝ የጀመረው መንገደኛ ጋቢ ይሻል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ጉሙ በተገለጠ ቀን፣ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው አባያና ጫሞ ሁለቱ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለው የምድር ጉብታ አንድ ላይ ይታያሉ። የዶርዜም ቤት በዚያው መንገድ ነው፤ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሠራ ረጅም ቤት፣ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ከዓመት ወደ ዓመት ቁመቱ የሚያጥር። ይህን ለማየት ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም እንግዳ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ፀሐያማ ቀን የሚወጣው እንግዳና በበረዶው ተራራ ላይ የሚንሸራተተው ሰው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ደስታን ፍለጋ ተራራ ወጥተዋል።

በመንገዱ መታጠፊያዎች ላይ ልጆች ይቆማሉ። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ሮጠው ወገባቸውን እያውረገረጉ ይጨፍራሉ፤ አንዳንዱም በእጁ ቆሞ እግሩን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። መኪናው ቢቆም ሳንቲም አለ፤ ባይቆም አቧራው አለ። እኔ በዚያ ስፍራ ዐረፍ ብዬ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ከሚሆን ልጅ ጋር ተነጋገርሁ።

«ጭፈራው ደስ ይልሃል?» አልሁት።

«ጋሼ፣ የምንጨፍረው መኪና ሲመጣ ነው» አለኝ።

«መኪና ሳይመጣስ ምን ታደርጋላችሁ?»

ጥያቄዬ ሞኝነት ሳይመስለው አልቀረም። «ያን ጊዜማ እንጫወታለን» አለ።

ልብ በሉ፤ ልጁ ፍልስፍና አልተማረም፤ ነገር ግን ሊቃውንት ብዙ ገጽ የሚጽፉበትን ልዩነት በአንድ ቃል ለየው። ለሚያየው እንግዳ ጭፈራውም ጨዋታ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለው ሩጫም ጨዋታ ነው። ለልጁ ግን አንዱ ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ነው። እንግዳው የልጅ ደስታ ያየ መስሎት ይሄዳል፤ ያየው ግን የልጅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ጨዋታውን ያበላሸው ገንዘቡ ነው» ይላል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ከበቆጂ የወጡ ሯጮቻችን በሩጫቸው ገንዘብ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ሩጫን እንደሚወዱ እግራቸው ይመሰክራል። መሰንቆ መቺውም ይከፈለዋል፤ ሆኖም ብቻውን በሆነ ጊዜም ይመታል። እንግዲህ ሥራና ደስታ በአንድ ቤት ሊኖሩ የማይችሉ ጠላቶች አይደሉም። ሌላው ሰው ደግሞ «ሳንቲሟ ለልጁ ደብተር ትገዛለች፤ ከልመናም ይሻላል» ይላል። ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም፤ በተራበ ቤት ላይ ስለ ጨዋታ ክብር መስበክ ለጠገበ ሰው ይቀላልና። ነገር ግን መንገዱ ከደብተሩ በላይ የሚከፍልበት ቀን ሲመጣ ልጁ የትኛውን ይመርጣል? ደብተር ልትገዛ የመጣች ሳንቲም ደብተሩን ልታስጥል ትችላለች።

ታዲያ መለያው ገንዘብ ካልሆነ ምንድር ነው? ያቺ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ቃል ናት። «በቃኝ» ማለት የሚችል ሰው፣ ቢከፈለውም ባይከፈለውም፣ ነጻ ነው። «በቃኝ» ማለት የማይችል ግን፣ እየሣቀና እየጨፈረ ቢታይም፣ ነጻ አይደለም። ቀድሞ ባላገሩ በገና ዕለት ዱላውን ይዞ ሜዳ ሲወርድ ሎሌው የጌታውን እግር ቢመታ ጌታው አይቆጣም ይባል ነበር። ምክንያቱም በጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም፤ ሁለቱም ወድደው ገብተዋል፤ ሁለቱም ሲበቃቸው ይወጣሉ። አንዱ ብቻ የሚወጣበት፣ ሌላው ግን እንዲቆይ የሚገደድበት ሜዳ የጨዋታ ሜዳ አይደለም።

ከዚያው ከጋሞ ደጋ ከመንገዱ ጭፈራ ይልቅ የከበደ ነገርም ይመጣል። የዶርዜና የአካባቢው ሰው በሽመና ጥበቡ የታወቀ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የአገር ልብስ ብዙው የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ትምህርት ቤት ይገባሉ እየተባለ ከወላጆቻቸው ተወስደው፣ እግራቸውን ከሸማኔው ጉድጓድ ከትተው ከንጋት እስከ ሌሊት መወርወሪያ ሲወረውሩ ያደጉ ልጆች ነበሩ፤ ይህ በልዩ ልዩ ጥናት የተመሰከረ ነው። አባቱ ዘንድ ሆኖ ሽመና የሚማር ልጅ ጥበብ ይወርሳል፤ ሲደክመውም ተነሥቶ ይሮጣል። የተወሰደው ልጅ ግን የሚሠራው ያው ሸማ ሆኖ ሳለ «በቃኝ» የሚላት ቃል የለችውም። ሸማው ነጭ ነው፤ ጥለቱም ያማረ ነው፤ የለበሰውም ሰው በዓል ያከብርበታል። በዚያ በዓል ውስጥ የአንድ ልጅ ጨዋታ ተሸምኖ እንደ ገባ ግን ማን ያስባል?

የጋሞ ሰው ራሱ ስለ ዕረፍት ያለው ልማድ ትምህርት ይሆነናል። መስቀል ሲደርስ በአዲስ አበባና በሌላው ከተማ የተበተነው ሸማኔ ዕቃውን ሰቅሎ ወደ ትውልድ ቀየው ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ የተቆጠበው ገንዘብ ለዚያ በዓል ነው፤ «ዮ መስቀላ» እየተባለ በጋራ ይበላል፣ በጋራ ይጨፈራል። ያን ጊዜ ጨፋሪው ማንም ነው፤ ተመልካቹም ማንም ነው፤ የአንዱ ደስታ በሌላው ድካም አይገዛም። ዕረፍት እንዲህ ለሁሉ ሲሆን ሕግ ይሆናል፤ ለጥቂቶች ብቻ ሲሆን ግን በብዙዎች ጫንቃ ላይ የሚጫን ሸክም ነው።

ይህን ዓለምም ተቀብሎታል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ሕፃን የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል፤ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ስምምነቱን ተቀብላለች። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ የማይቋረጥ ዕረፍት ይሰጣል፤ 15 ዓመት ያልሞላውንም ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ነገር ግን የሕግ ዓይን የማይደርስበት ስፍራ አለ፤ እርሱም የየቤታችን ጓዳ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ምናልባት ከመካከላችሁ በረዶ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ወደ ጨንቻም የሚወጣ ብዙ አይሆንም። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ስታነቡ ከጓዳ የሚሰማ የሰሐን ድምፅ የለምን? ከገጠር መጥታ በቤታችሁ የምታገለግለው ልጅ ዕድሜዋ ከእናንተ ዕድሜ ምን ያህል ይርቃል? እናንተ እሑድ ኳስ ስትጫወቱ የሚታጠበው ልብስ የማን ነው? ይህን የምላችሁ ጨዋታችሁን እንድትተዉ አይደለም። እናንተ ብታዝኑ እርሷ አታርፍም። የምላችሁ፣ እርሷም ከሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን «ዛሬስ በቃኝ» ብላ በሯን ዘግታ መውጣት ትችል ዘንድ ከወላጆቻችሁ ጋር እንድትነጋገሩ ነው። የእናንተን ሰሐን እናንተ ብታጥቡ እጃችሁ አይሰበርም።

ደግሞም መንገድ ስትሄዱ ሥራን እንደ ሥራ ክፈሉት፤ ጨዋታን ግን አትግዙት። የሸማኔውን ጋቢ ድካሙን ገምታችሁ በሚገባው ዋጋ ግዙ፤ መንገድ የሚመራችሁን ጎልማሳ ደመወዙን አትከልክሉት፤ ልጁን ግን ለዓይናችሁ ደስታ እንዲጨፍር ሳንቲም አታሳዩት። ኳስ ካላችሁ ወርዳችሁ አብራችሁት ተጫወቱ፤ ቢያሸንፋችሁም አትቆጡ። የሰው ነጻነት የሚለካው በሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን አቁሞ መሣቅ በመቻሉም ነው። ራሱ የሚጫወት፣ ሌላውን ግን ከጨዋታ የሚያስቀር ሰው፣ ተራራው ጫፍ ላይ ቢቆምም ገና ሽቅብ አልወጣም።