ያነከሰ አሸናፊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ባለፈው ወር በተደረገው የጥያቄና መልስ መርሐ ግብር ላይ ከታናናሾቻችን አንዱ ተነሥቶ፣ «ክርስቲያን ትሑት መሆን ካለበት ለማሸነፍ መጣጣር ይገባዋልን?» ሲል ጠይቆ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። እኛም ጥያቄውን ይዘን ወደ የቤታችን ሄድን። በዚህች አጭር ጽሑፍ የተቻለንን ያህል ልንመልስለት አስበናል። በመጨረሻም ራሳችንን የምንወቅስበት አንድ ጉዳይ ስላለ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት እንድታነቡልን እንለምናለን።

ከእኛ መካከል በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ገጠር ከብት እየጠበቅን ያደግን ብዙዎች ነን። ከብቱ ጠግቦ ሲተኛ እረኞች ምን እንደሚጫወቱ እናውቃለን። ሁለት ልጆች ወገብ ለወገብ ተያይዘው ይታገላሉ፤ ጀርባው መሬት የነካው ወደቀ ይባላል። በዚህ ጨዋታ ጉልበተኛው ሁልጊዜ አያሸንፍም። እግሩን አጥብቆ የሚተክል፣ ትንፋሹን የሚቆጥብ፣ ባላጋራው እስኪደክም የሚታገሥ ቀጭን ልጅ ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ሲጥለው አይተናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ዛሬ ወድቆ የተሳቀበት ልጅ በማግሥቱ አቧራውን አራግፎ «ና እንታገል» ብሎ መምጣቱ ነበር።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። የቅዱሳንን ታሪክ የምንጠራበት ቃል «ገድል» ነው። በግእዝ «ተጋደለ» ማለት ታገለ፣ ተጣጣረ ማለት ሲሆን ሰማዕታትንም «መስተጋድል» እንላቸዋለን፤ ይኸውም ታጋይ ማለት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን የጽድቅን ሕይወት በትግል መስለው ሲያስተምሩን ኖረዋል።

ቅዱስ ጳውሎስም እንደዚሁ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 9፣ ስለ ሯጭና ስለ ቡጢ ተጫዋች ይናገራል። ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈውም በምዕራፍ 6 ትግላችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ያስረዳል። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ምሳሌ በደንብ ያውቁት ነበር፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ውድድር ይደረግ ነበርና። ለአሸናፊው የሚሰጠው ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ሲሆን ወዲያው የሚጠወልግ ነበር። ሐዋርያው ለዚህ ቅጠል ሲሉ ሰዎች ከመብልና ከእንቅልፍ ራሳቸውን ከገዙ፣ ለማይጠፋው አክሊል እኛ ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል ማለቱ ነው።

በግሪኮች የትግል ሕግ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ተጋጣሚውን ሦስት ጊዜ የጣለ አሸናፊ ይባላል። አንድ ጊዜ የወደቀ ወይም ሁለት ጊዜ የወደቀ ገና አልተሸነፈም ማለት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሀገራችን ሰው እንምጣ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እንደ እኛ የገጠር ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደ ነበረም ይነገራል። ካደገ በኋላ በክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ለሩጫ ያነሣሣው በ1949 ዓ.ም. ከሜልቦርን ኦሊምፒክ የተመለሱት ስፖርተኞች የሀገራቸው ስም የተጻፈበትን ልብስ ለብሰው ሲያልፉ ማየቱ ነው ይባላል። ምኞት በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ይበቅላል። አበበ ግን ምኞቱን በሥራ አጸናው። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የሚያዝዘውን እየፈጸመ፣ በዳገትና በቁልቁለት፣ በጫማና ያለ ጫማ፣ ተመልካችም አጨብጫቢም በሌለበት ይሮጥ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም የማራቶን ውድድር ተደረገ። ያ ምሽት በሀገራችን የዐዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በብዙ ቦታ ችቦ በሚበራበት በዚያ ምሽት በሮምም ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጠ። በወረራው ዘመን ከሀገራችን ተወስዶ በሮም አደባባይ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ ሞሮኳዊውን ራዲን በ25 ሴኮንድ ቀድሞ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ሐውልቱም ከብዙ ዘመን በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል። ዓለም ስሙን የማያውቀው ሰው በአንድ ምሽት በዓለም ሁሉ ታወቀ። ዳሩ ግን ያን ምሽት የወለደው ማንም ሳያየው የደከመባቸው ብዙ ንጋቶች ናቸው።

ከዚህም በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሁለተኛ ድል ተቀዳጀ። ሁለተኛ የወጣው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ አበበ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እንግዲህ የወንድማችን ጥያቄ መልስ በከፊል እዚህ ላይ ይገኛል። መጣጣር ከትሕትና ጋር አይጣላም። ትሕትናን የሚያጠፋው ያለ ድካም መክበርን መፈለግ ነው። በእውነት የደከመ ሰው ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ፣ ስንት ሰው እንደ ደገፈው ያውቃልና መታበይ ይከብደዋል። እኛ ግን በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት በርትተን፣ ደብረ ዘይት ሳይደርስ የምንዝል፣ ውዳሴ ማርያም ለማጥናት ደብተር ገዝተን ሁለት ገጽ ጽፈን የምንተው ስንቶች ነን? የሯጭ ሕይወት የሚያስተምረን የመጀመሪያው ነገር ትንሹን ሥራ በየዕለቱ ሳያቋርጡ መሥራትን ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ የአበበ ታሪክ በቶኪዮ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሮጥ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ አሸነፈ፤ የሀገራችን ድልም ከሀገራችን አልወጣም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ደግሞ አበበ የሚነዳት መኪና ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ከዚያ ወዲያ አልተራመዱም።

በእንግሊዝ ሀገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ግን መወዳደሩን አልተወም፤ ቀስት ይዞ ወደ ውድድር ገባ። ወደ ኖርዌይም ሄዶ በበረዶ ላይ ውድድር ተካፈለ። ድሉን በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለ ሁሉ አደጋውንም እንዲሁ እንደ ተቀበለ መናገሩ ይታወሳል። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ላይ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አበበ የበለጠ ያሸነፈው በሮም ነው ወይስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ? ለዚህ መልስ ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 እንሂድ። አባታችን ያዕቆብ ሌሊቱን ሁሉ ሲታገል አደረ። ጎሕ ሲቀድ ጭኑ ተነክቶ ሹልዳው ደነዘዘ፤ ሆኖም ሳይባርከኝ አልለቅም ብሎ ያዘ። ተባረከ፤ ስሙም እስራኤል ተባለ። ፀሐይ ስትወጣ ግን ያነክስ ነበር። አሸናፊው ያነከሰው ነው! በየቤታችን ሥዕላቸው ያለው ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረ፣ በቀረው እግራቸውም ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ያስተምረናል። በሥዕሉ ላይ ያ የተቆረጠ እግር ክንፍ አውጥቶ እናየዋለን። ሠዓሊዎቻችን እግራቸውን ሙሉ አድርገው መሣል አቅቷቸው አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አንድ ወንድማችን አለ። ስሙን አንጽፍም። ከወገራ ለትምህርት ወደ ጎንደር መጥቶ በአክስቱ ቤት ተቀመጠ። በትግል የሚጥለው አልነበረም፤ በሩጫም ከከተማ እስከ አዘዞ ማንም አይቀድመውም ነበር። በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ ከበሮውን የሚሸከመው እርሱ ነበር። ሁላችንም ከእርሱ ጋር መታየት ደስ ይለን ነበር። ባለፈው ክረምት ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲሄድ ገደል ላይ አዳልጦት ወደቀና እግሩ ክፉኛ ተሰበረ። ሐኪሞች ብዙ ደከሙ፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሆነን ሄድን። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ነበርን። ከዚያ በኋላ ፈተና ነው፣ ዝናም ነው፣ ሥራ ነው እያልን ቀረን። ሰባት ወር ማንም አልሄደም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

በቅርቡ ከእኛ ሁለቱ ሄዱ። አክስቱ ከደጅ ተቀብለው፣ «ልጆቼ፣ መንገዱ ጠፍቷችሁ ነው የከረማችሁት?» ብለው ቡና አፈሉ። ሌላ ወቀሳ አልተናገሩም። ወንድማችን አልጋው ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን የጎረቤት ሕፃናት ከበውት ፊደል ያስቆጥራቸው ነበር። ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ ሦስቱ ዳዊት ጀምረዋል። እኛን ሲያይ ስለ እግሩ አላወራም። «ትምህርቱ የት ደረሰ? ያመለጠኝን የሚያነብልኝ አጥቼ ነበር» አለን። መልስ አጣን።

ሰባት ወር ሙሉ ወደቀ ስንለው የነበረው ወንድማችን ለካ ቆሞ ይታገል ኖሯል፤ ጀርባችን መሬት የነካው የእኛ ነው። ስናጨበጭብ የወደድነው ጉልበቱን እንጂ እርሱን እንዳልነበረ ታወቀብን። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ስንት ጊዜ እንዳሸነፍን ሳይሆን የታመመውን ጠይቀን እንደ ሆነ መሆኑን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስንማር አልነበረምን?

ሆኖም በመጀመሪያ ያኖራችሁልንን ነገር አስታውሱ፤ አንድ ጊዜ የወደቀ ገና አልተሸነፈም። እንደ እረኛው ልጅ አቧራችንን አራግፈን እንነሣ። ስለዚህ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር እንገናኝ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን ደብተራችንን ይዘን ወደ ወንድማችን እንሄዳለን፤ ያመለጠውን እናነብለታለን፤ ሕፃናቱንም በማስተማር እናግዘዋለን። ለጥምቀት ደግሞ በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመነው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እንወርዳለን፤ ከበሮው በእርሱ እጅ እንዲመታ ተስማምተናል። ስማችሁን ለመመዝገብ የምትፈልጉ ለጸሐፊያችን ንገሩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው ታናሽ ወንድማችን ስሙን ቀድሞ አስመዝግቧል።

አምላከ ያዕቆብ እያነከስንም ቢሆን እስከ ንጋት እንድንታገል ጽናቱን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።