መብረር የሚችል ማን ነው?

መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት ሱቆች በአንዱ ለሐጅ የሚለበሰውን የኢህራም ጨርቅና የፓስፖርት መያዣ ቀበቶ የሚገዙ አዛውንት አሉ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ ደግሞ አንዲት ነጋዴ ወደ ጓንዡ ይዛው የምትሄደውን የጨርቅ ናሙና እየቆረጠች ፌስታል ውስጥ ትከታለች። ዓረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረች ልጅ እዚያው አካባቢ ጉርድ ፎቶ ትነሳለች። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቦሌ ሊነሱ ይችላሉ። ምድር እየጋለች ስለሆነ ሰው የአውሮፕላን ጉዞውን ይቀንስ የሚለው ጥያቄ እዚህ ሰፈር ሲደርስ ከሦስቱ ማንን ነው የሚያናግረው?

ጥያቄው ጎልቶ የወጣው ባቡር እንደልብ በሚገኝበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ በስዊድን በአውሮፕላን መሄድ የሚያሳፍር ነገር ነው የሚሉ ሰዎች በዙ። ግሬታ ተንበርግ በ2019 አትላንቲክን በጀልባ ተሻገረች። ፈረንሳይም በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚደረስባቸው ከተሞች መካከል የነበሩ ጥቂት የአገር ውስጥ በረራዎችን አገደች። ከመርካቶ ጓንዡ የሚያደርስ ባቡር የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉዳዩን የነጮች ጣጣ አድርጎ ያልፈዋል።

እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ጓንዡ ደርሶ መልስ በአንድ መንገደኛ ስም ከአንድ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ይቀራል። አማካዩ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት የሚለቀው ሁለት መቶ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አንድ የንግድ ጉዞ የአገሬውን ሰው የአምስት ዓመት ድርሻ በሁለት በረራ ይጨርሳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ በአምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በቂ ዝናብ ሲጠፋ፣ የሙቀቱ መጨመር ድርቁን እንዳከፋው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር አውሮፕላን የሚያውቀው ከሩቅ፣ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ነው። ሂሳቡን የከፈለው ግን እሱ ነው።

«አውሮፕላኑ እኔ ኖርኩም ቀረሁም ይነሳል» የሚል መልስ አለ፤ ጠንካራ ይመስላል። መርካቶ ግን ይህን ሙግት ሊቀበል አይገባም። እዚህ ነጋዴው ለብቻው የማይሞላውን ኮንቴይነር ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ያስጭናል። የእኔ አምስት ካርቶን ባይኖርም መርከቡ ይነሳ ነበር ብሎ የጭነቱን ሂሳብ አልከፍልም የሚል የለም። አየር መንገድም ወንበሩ ሲሞላ በረራ ይጨምራል፣ ሲጎድል ይቀንሳል። አምስቱ ካርቶን ከጭነቱ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ሁሉም ይቅር እንበል? ፈላስፋው ሄንሪ ሹ እ.ኤ.አ. በ1993 ለመኖር ሲባል የሚለቀቅ ጋዝና ለቅንጦት የሚለቀቅ ጋዝ በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለባቸውም ብሎ ጽፏል። መነሻው ትክክል ነው፤ አዛውንቱን ግን የት ያስቀምጣቸዋል? ሐጅ ካልሄዱ አይራቡም፤ ጉዟቸውም ቅንጦት አይደለም። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ገንዘብና ናፍቆት ነው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ልሳለም ሲል፣ ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ ቀብር ሲገሰግስም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ከመስጊዱ ራሱ የምንማረው አለ። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በዕድሜ አንድ ጊዜ፣ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። መቻል ሲባልም የትኬት ገንዘብ መያዝ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፣ እቤት የሚቀረው ቤተሰብ ስንቅ ሊኖረው ይገባል፣ ጊዜው የደረሰ ዕዳም ይቀድማል። ሃይማኖታዊ ብይን መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን መቻል የሌላውን ሐቅ ከከፈሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ከሆነ፣ ኪሳችን ስለሞላ ብቻ መብረር እንችላለን ማለታችን አጠራጣሪ ይሆናል። የቦረናውን ሰው ዕዳ ገና አልነካነውም።

ገደብ የሚባለውም ነገር ለሐጃጁ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለየአገሩ ከአንድ ሚሊዮን ሙስሊም አንድ ሺህ ሐጃጅ የሚል ኮታ አለ። ተራ ያልደረሰው ይጠብቃል። ቅዱስ ለሆነው ጉዞ ወረፋ ተቀብለን፣ ለገበያና ለስብሰባ ጉዞ ሲሆን ገደብን እንደ ግፍ የምናይበትን ምክንያት አላገኘሁም። ያውም ጅዳ ደርሶ መልስ በአንድ ሰው ሩብ ቶን ገደማ ካርቦን ነው፤ ከጓንዡው በብዙ ያንሳል።

ፎቶ የምትነሳውን ልጅ ግን ማንም ቅሪ ሊላት አይችልም። ያለ አውሮፕላን የሚኬድበት የዓረብ አገር መንገድ የታወቀ ነው፤ በእግር በረሃውን አቋርጦ፣ ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን። ስንቱን ባሕር እንደበላው እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 በኋላ በነበሩት ወራት ከሳዑዲ የተባረሩት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ነው የተመለሱት። የዚያን በረራ ካርቦን በእነሱ ስም መመዝገብ ነውር ነው። ለእሷ አውሮፕላን ማለት በሕይወት መድረስ ማለት ነው።

የነጋዴዋ ጉዳይ ይከብዳል፤ ብዙ ቤት በእሷ ጉዞ ይበላልና። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በሩን ሁሉ ሲዘጋ መርካቶ በስልክ ፎቶ እያየ፣ በድምፅ መልእክት እየተከራከረ ዕቃ አስመጥቷል። በፎቶ መግዛት ያከስራል፤ ጨርቅ ካልዳሰሱት አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዞዋን አልነካም፤ ፋብሪካውንና ሻጩን በዓይኗ ትይ። አምስተኛውን ግን በስልክ መጨረስ ትችላለች።

ቁጥሩም ወደዚያው ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም ሕዝብ በአውሮፕላን የተሳፈረው አሥራ አንድ በመቶ ገደማ እንደሆነ፣ የመንገደኛ በረራዎች ካርቦን ግማሹም ከአንድ በመቶ በማይበልጡ ሰዎች እንደሚመጣ ተገምቷል። የቢዝነስ ክላስ ወንበር ሰፊ ስለሆነ የአንዱ መንገደኛ ድርሻ ከተራው ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ያን ወንበር ለሦስት ቀን ወርክሾፕ የሚይዘው አዛውንቱም ልጅቷም አይደሉም።

ስለዚህ የአውሮፕላን ጉዞ ገደብ ያስፈልገዋል፤ ገደቡ ግን ከተደጋጋሚው በረራ ይጀምር፣ የመጀመሪያውን አይንካ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ተቃራኒው ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ሼባ ማይልስ ጨምሮ የአየር መንገዶች የማይል ሽልማት ብዙ ለበረረ ነፃ ትኬት ይሰጣል። ይህ ይገልበጥ። በየዓመቱ ሦስተኛና አራተኛ ትኬት የምትቆርጡ፣ የመሥሪያ ቤት የጉዞ ማዘዣ የምትፈርሙ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጉዳዩ በስልክ ያልቅ እንደሆነ ጠይቁ። አዛውንቱን ተዉአቸው፤ ይሂዱ።