ቤቱ የባለቤቱ፣ ፊቱስ የማን ነው?

ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ለአዲስ አበባ የታሰበ የቅንጡ አፓርታማ ሥዕል ያሳየናል። ፎቁ እንደ ተጠመዘዘ ነጠላ እየተሽከረከረ ወደ ሰማይ ይወጣል። “አቦ፣ እዩት እንጂ! ቤት ማለት ይሄ ነው!”

አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት። “ልጄ፣ ቤቱ ነው የተጣመመው ወይስ ስልክህ?” ሳቅን።

ሌላው ግን ኮስተር አለ። “ሰውዬው በገንዘቡ ይሠራል። እኛን ምን አገባን?”

እኔ የምለው፣ በእርግጥ ምን አገባን? መጽሐፉ ካላማረን እንዘጋዋለን። ዘፈኑ ከሰለቸን ሬዲዮኑን እናጠፋዋለን። ሕንፃ ግን አይጠፋም። ጠዋት ሥራ ስንሄድ እዚያው ነው፣ ማታ ስንመለስም እዚያው ነው። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ የሚያየው የእኛን ሰፈር ነው፤ የእሱን ሕንፃ የምናየው እኛ ነን። እንግዲህ ውስጡ የእሱ ይሁን፤ ፊቱ ግን በከፊል የመንገደኛው ነው።

ይህን ጀጎል ከብዙዎቻችን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ ውስጥ ያለችው ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶቿና 102 የአውልያ ሥፍራዎቿ ተቆጥረውላታል። እጅግ የተደነቀው ግን የቤቶቿ ውስጥ ነው። ከውጭ ቢያዩት ግድግዳ ነው። በሩን አልፈው ሲዘልቁ ነው ጉዱ፦ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው መደብ፣ ቀዩ ወለል፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌትና ሳህን። ሀብታሙ ጌጡን ለእንግዳው ያሳያል እንጂ በመንገደኛው ዓይን ላይ አይሰቅለውም። ድሃውም በዚያች ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ድህነቱን የሚያስታውሰው ግድግዳ የለም።

ለነገሩ እንግዳ ቅርጽ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ዛሬ ቱሪስት ሐረር ሲደርስ የሚጠይቀው “የራምቦ ቤት” ራሱ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ እዚያ ስለመኖሩ ማረጋገጫ ባይኖርም ቤቱ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ባለቀለም መስታወቱን ይዞ ከጎረቤቶቹ በላይ ብቅ ሲል የሰፈሩ ሰው ምን ብሎ ይሆን? ፓሪስ ውስጥም በ1879 ዓ.ም. ስመ ጥር ደራስያንና ሠዓልያን የአይፍል ማማ ከተማችንን ያበላሻል ብለው በጋዜጣ ጮኸው ነበር። ዛሬ ማማውን ከፓሪስ ላይ ንቀሉት ቢባል የሚጮኸው ሌላ ነው። ዓይን ይለምዳል። ስለዚህ በውበት ብቻ መፍረድ አያዋጣም።

ታዲያ በምን እንፍረድ? መልሱን የሰጡኝ ሐጂ ናቸው፣ እሳቸው ግን መልስ መስጠታቸውንም አላወቁ። “ሁለት ልጆቼ ከጀጎል ውጭ ተከራይተው ይኖራሉ” አሉ። “እቤቴ ላይ አንድ ክፍል ልጨምር ብል ቅርስ ነው፣ አይነካም ተባልኩ። እሺ አልኩ። ቢፈቀድልኝም የጎረቤቴን ግቢ የሚያይ መስኮት አልከፍትም፤ ነውር ነው።”

ልብ በሉ። የከተማይቱ መልክ የሁላችንም ነው ብለን ከእኚህ ሰው የልጆቻቸውን ክፍል ወስደናል። ያንኑ መልክ ባለገንዘቡ ሲቀይረው ግን “በገንዘቡ ነው፣ ምን አገባን” እንላለን። የጋራ ነው ካልን ሸክሙም የጋራ ይሁን እንጂ! አንዱ ለከተማው ሲል ጣሪያውን ዝቅ ካደረገ፣ ሌላው ቢያንስ የጎረቤቱን ፀሐይ ላይጋርድ፣ ውሃውን ላይሻማ፣ ከሥሩ የነበረውን ጉሊት ላያባርር ይገባል። የሕንፃ ድፍረት የሚለካው በመጣመሙ አይደለም፤ ከሥሩ የሚኖረውን ሰው በማሰቡ ነው። የጀጎልን ግንብ የሠሩት ሰዎች ለጅብ እንኳ መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል። የዘመኑ ፎቅ በር ላይ ግን ጥበቃው ሰውን “ወዴት ነው?” ይላል።

አዲስ ቤት ስንገባ “ቤት ለእንቦሳ” እንባባላለን፤ መልሱም “እንቦሳ እሰሩ” ነው። ሃያኛ ፎቅ ላይ እንቦሳ የት ይታሰራል ብዬ አልቀልድም፤ ምርቃቱ ስለ ከብት ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ይሙላ፣ ለሌላውም ይትረፍ ማለት ነው።

ወጣቱ ግን አልተሸነፈም። “ሐጂ፣ እዚያ ጫፉ ላይ አንድ ቤት በነፃ ቢሰጥዎትስ?”

ሐጂ ሻያቸውን ፉት አሉና በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው በእጃቸው ሰላም አሉ።

“እዚያ ላይ ሆኜ ማንን ሰላም እላለሁ?”