የግንበኛው ዋጋና የተቋራጩ ፈቃድ

የሰው ልጅ በፊቱ ወዝ እንጀራውን ይበላ ዘንድ ከተፈረደበት ቀን ጀምሮ፣ ሥራን ተቀብሎ ዋጋውን መከልከል በእግዚአብሔር ዘንድ ከከባድ ግፎች እንደ አንዱ ሲቈጠር ኖሯል። የኦሪት ሕግ የድኻው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ጦቢት ልጁን ጦብያን ሲመክር የሠራተኛ ደመወዝ በእጁ እንዳያድር አደራ ብሎታል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለው የአጫጆች ዋጋ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ነገራችን የሚቀርበው ግን ነቢዩ ኤርምያስ በኢዮስያስ ልጅ በኢዮአቄም ላይ የተናገረው ነው። ያ ንጉሥ በዝግባ የተለበጠ፣ መስኮቱ የሰፋ ቤት ሠራ፤ የሠሩለትን ሰዎች ግን ያለ ዋጋ አሰናበተ። ነቢዩ የቤቱን ማማር አልካደም፤ አባቱ ኢዮስያስም ይበላና ይጠጣ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ለድኻው ይፈርድ እንደ ነበር አስታወሰው እንጂ።

ይህን ነገር በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ላሉ ምእመናን መጻፍ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። አዳማ ቀድሞም በባቡር ሐዲድ ዳር ያደገች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም.፣ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም.፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ተመርቀዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ተከፈተ። ከዚህ ሁሉ ጋር ፎቁ፣ ሆቴሉ፣ መጋዘኑ በየመንገዱ ዳር ይቆማል። ከተማይቱ ለብዙ ዘመን የተጠራችበት ናዝሬት የሚለው ስም ጌታችን በጸራቢው በዮሴፍ ቤት ካደገባት ከተማ የተወሰደ ነውና፣ በእጅ ሥራ የሚኖር ሰው ዋጋ ነገር በዚያ ሊናቅ አይገባውም ነበር።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። የሕንፃው ባለቤት ከዋናው ተቋራጭ ጋር ይዋዋላል። ዋናው ተቋራጭ ድንጋዩን ለአንዱ፣ ብረት ማሰሩን ለሌላው፣ ልስኑን፣ ቧንቧውን፣ ቀለሙን ለሌሎች ንዑስ ተቋራጮች ያካፍላል። በየጊዜው የተሠራው ይለካል፤ አማካሪው መሐንዲስ መርምሮ ይፈርማል፤ ባለቤቱ ለዋናው ተቋራጭ ይከፍላል፤ ከእርሱም ወደ ታች ይወርዳል። ንዑስ ተቋራጭ የሚባለው ብዙ ጊዜ መሰላልና መዶሻ ያለው፣ አሥር ወይም ሃያ ሰው የሚያሠራ ግንበኛ ነው። ቅዳሜ ማታ ግንበኛው፣ ፌራዮው፣ ቀን ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። እርሱም ተበድሮ ይከፍላቸዋል፤ የማይቻለው ሲሆን ስልኩን ዘግቶ ይሰወራል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ሌባ ብሎ የሚጠራው ይህን ግንበኛ ነው እንጂ፣ ገንዘቡን ከላይ የያዘውን አያውቀውም።

ዋናው ተቋራጭ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ባለቤቱ አልከፈለኝም» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍያ ሲዘገይ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላም የብረቱ ዋጋ ውል ከተፈረመበት ዋጋ ሲያልፍ፣ የተጨነቁ ተቋራጮች እንዳሉ እናውቃለን፤ በእነርሱ ላይ ድንጋይ ለመወርወር አንቸኩልም። ነገር ግን እውነት የሆነ መልስ ሁሉ የሚያጸድቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1952 (የዓመቱና የአንቀጹ መግጠም አጋጣሚ ነው) ውል፣ በሕጉ ከተለዩት ነገሮች በቀር፣ በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ እንደሚጸና ይደነግጋል። እንግዲህ ግንበኛው ከሕንፃው ባለቤት ጋር ውል የለውምና የሚያንኳኳው በር አንድ ብቻ ነው። ሌላ በር የሌለውን ሰው «በሌላ በር ጠይቅ» ማለት ምን ዐይነት መልስ ነው? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ሕግ «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለውን የግንባታ ውል፣ ከላይ ያለው ከፋይ ከከሰረ በቀር፣ ዋጋ አሳጥተውታል።

ስለዚህ ሕሊና ሊመረምር የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ተቋራጩ ሥራውን ሲሰጥ የክፍያውን አስቸጋሪነት ለግንበኛው ገልጦለታልን? ጥቂት ገንዘብ ሲመጣ አካፍሎታልን ወይስ አስቀድሞ ለራሱ አድርጓል? ግንበኛው በባዶ እጅ በተመለሰበት ወር እርሱ አዲስ መኪና ገዝቶ እንደ ሆነ፣ የባለቤቱ አለመክፈል ምክንያት ሊሆንለት አይችልም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚረቅ አንድ በደል አለ፤ የሚሠራውም ሰው ራሱን በደለኛ አድርጎ አይቈጥርም። ይኸውም በአዳማ ለተለሰነው ግድግዳ የተቀበለውን ገንዘብ በሻሸመኔ ለጀመረው ሕንፃ ብረት ይገዛበታል። አልጠጣበትም፣ አልዘፈነበትም፤ ሥራ አስፋፋበት። «የሻሸመኔው ሲከፈል የአዳማውን እሰጣለሁ» ይላል፤ የሻሸመኔው ሲከፈል ግን ሦስተኛ ሥራ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሰው ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ፈቃድም ከልስን ሠራተኛ የተበደረ ነው። ባንክ የነሣውን ብድር ከድኻ ልጆች እራት ወሰደው። በወንጌል ብዙ መክሊት የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ፤ ይህ ግን ዕዳው የራሱ ሆኖ ሳለ ባለ ገንዘቡን ያስርባል።

ወደ ፈቃዱ ነገር እንመለስ። በሀገራችን የተቋራጭ ደረጃ የሚመዘነው በባለሙያዎቹ፣ በመሣሪያውና በሠራው ሥራ ነው፤ የንዑስ ተቋራጭ ዕዳ ግን በአብዛኛው ለፍርድ ቤት የተተወ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ሕጉ ከዚህ ይለያል። ዋናው ተቋራጭ ገንዘብ በተቀበለ በ7 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ሌላ ስምምነት ካልኖረ በቀር፣ ለንዑስ ተቋራጩ ድርሻውን መስጠት አለበት፤ ይህን መተላለፍ በፈቃዱ ላይ ያስቀጣዋል። የተፈረደበትን የግንባታ ዕዳ ሳይከፍል የቀረ ተቋራጭም ፈቃዱ ይታገዳል፤ ዕዳውን ሲፈጽም ይመለስለታል።

አንዳንዶች «ፈቃዱ ከታገደ በሥሩ ያሉት ሠራተኞች እንጀራቸውን ያጣሉ፤ ዕዳውም ጨርሶ አይከፈልም» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፈጽሞ መሰረዝ ያን ሊያመጣ ይችላል። «እስኪከፍል ድረስ» የሚለው እግድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግዝት ጋር ይመሳሰላል። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የበደለውን ሰው በመጀመሪያው መልእክቱ ከማኅበሩ ለየው፤ በሁለተኛው ደግሞ በኀዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉት ለመነ። የታገደው ተቋራጭም የመመለሻው መንገድ ተነግሮታል፤ ሰውን ያለ ዋጋ ማሠራት ግን በዚያው ቀን ያቆማል።

ካህናት አባቶችን የሚመለከተው ከዚህ ይከተላል። የግንበኛ ዋጋ ያለበት ተቋራጭ ለታቦት መጋረጃ፣ ለጕልላት ቆርቆሮ፣ ለበዓለ ንግሥ ሰንጋ ሲያመጣ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ዲድስቅልያ ጳጳሱ ከግፈኞች እጅ መባ እንዳይቀበል ያስጠነቅቃል። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ የተሳለው ለቀማቸው ሰዎች ነው። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎቻችንም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደሉም፤ ገንዘብ ሲያልቅ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ታገሥ» ተብሎ የተሸኘ ግንበኛ ኢዮአቄም ካሰናበታቸው በምን ይለያል? ምጽዋት የሚሰጠው በፈቃድ ነው፤ ግንበኛው ግን ፈቃዱን አልተጠየቀም።

የንስሐ አባት እንዲህ ያለውን ልጁን ሲቀበል ከጾምና ከስግደት አስቀድሞ የደመወዙን መዝገብ ይዞ እንዲመጣ ቢያዝዘው መልካም ነው። ስማቸው የተጻፈው ሠራተኞች ከሩቅ መጥተው የተመለሱ ናቸውና ፈልጎ ማግኘት ያደክማል፤ ድካሙም ከቀኖናው ይቈጠርለት። የተገኘው ዋጋውን ይቀበል፤ የሞተው እንደ ሆነ ለሚስቱና ለልጆቹ ይሰጥ። ተፈልጎ የታጣውን ሰው ገንዘብ ግን ተቋራጩ ለራሱ አያስቀር፣ ለሕንፃ ኮሚቴም በስሙ አያስመዝግብ፤ በዚያው ከተማ ከሥራ ላይ ወድቀው ለተጎዱ የቀን ሠራተኞች በስውር ያድርሰው።