ክርስትናው ካለፈ በኋላ

ልጆቼ፣ አገራችን ወላድን መንከባከብ ታውቅበታለች። ልጅ ሲወለድ ጎረቤት በእልልታ ይገባል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ወገቧ በመቀነት ይታሰራል። አራስ እሳት አትነካም፤ ብቻዋንም አትተውም። በኦርቶዶክሱ ቤት ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ድግሱ ሲያልቅ ግን ጠያቂውም ያልቃል፤ የእናትየዋ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ገና ያኔ ነው።

ልመክራችሁ የፈለግሁት ስለዚህች እናት ነው። ተቀጥራ የምትሠራ ከሆነች የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣታል። ለአባትየው 3 ቀን። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አይቅመስ ይላሉ። መሀል ላይ የቀሩትን 3 ወራት ማን ይሞላቸዋል? እሷው ናት፤ ሌሊት እያጠባች፣ ቀን በመሥሪያ ቤቷ ወተቷን የምታልብበት ጥግ እየፈለገች። እንዲህ ያለች ባልደረባ ካለቻችሁ ስብሰባውን ለእሷ በሚመች ሰዓት አድርጉላት። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ካላችኋት በኋላ የሚቀረው ደግነት እሱ ነው።

የጉልበቱን ድካም ሰው ሁሉ ያየዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ምሳ ዕቃ መቋጠሯ፣ ልጁን ማቆያ አድርሳ ታክሲ መሰለፏ፣ ማታ ገብታ ወጥ መጣዷ ይታያል። የማይታየው ማሰቡ ነው። በርበሬው ማለቁን፣ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት መድረሱን፣ የዕድሩ መዋጮ አለመከፈሉን፣ ዛሬ ካልተቦካ ለዓርብ እንጀራ እንደማይኖር፣ የትልቁ ልጅ ደብተር አለመፈረሙን፣ ሁሉንም የምታስበው እሷ ናት። ስለዚህ አንተ ባልየው፣ "ምን ላግዝሽ?" ስትላት ደግ ነገር ተናግረሃል፤ ለአንተ የሚሆን ሥራ ማሰቡን ግን በሌላው ላይ ጨመርክባት። ይልቅ "ከዛሬ ጀምሮ ምሳ ዕቃው የእኔ ነው" በላት። ዳቦው ማለቁን ማታ አንተ እይ፣ የጠፋውን ክዳን አንተ ፈልግ፣ ልጁ ሳይበላ ከመለሰውም ለምን እንደሆነ አንተ ጠይቀው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ እሷ አይሆንልህም፤ እሷም አጠገብህ ቆማ አታርምህ። አንዲት ነገር ጨርሶ ከሐሳቧ ብትወጣላት፣ ታዘህ አሥር ጊዜ ሳህን ከማጠብህ ይበልጥባታል።

ምስጋናችሁም ያያችሁትን ይናገር። በእናቶች ቀን ፎቶዋን ለጥፎ "ጀግናዬ" ማለት መልካም ነው፤ ጀግና ግን አይደክመውም እየተባለ ሸክም ይጨመርበታል። "ሌሊት ልጁን ሲያተኩሰው ደጋግመሽ ስትነሺ አይቻለሁ፤ ዛሬ አንቺ ተኚ፣ እኔ አድራለሁ" ብትሏት ግን ታርፋለች።

አንቺ ልጄ ደግሞ፣ ራስሽን ከእናትሽ ጋር አታስተያዪ። እናትሽ ያን ሁሉ ልጅ ያሳደገችው አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህትና ጎረቤት በሞሉበት ግቢ ነው፤ አንቺ የምታሳድጊው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በርሽን ዘግተሽ ነው። ያቃተሽ ድሮም በብዙ እጅ ይሠራ የነበረ ሥራ እንጂ ስንፍና አይደለም። እንጀራ ከሱቅ ብትገዢ ነውር የለበትም። ደክሞሽ ልጅሽ ላይ ብትጮሂ አቅፈሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ በዚህ ክፉ እናት አትሆኚም። ጎረቤትሽ "ልጁን ልያዝልሽ" ስትል "ኧረ አትቸገሪ" ብለሽ አትመልሻት፤ ስጫትና ተኚ። በሌላ ቀን የእሷን ትይዢላታለሽ።

ቤትሽ የምታግዝሽ ሴት ካለችም ጠይቂያት፤ ልጇን አገር ቤት ለአያቱ ትታ የመጣች እናት ልትሆን ትችላለች። እንደዚያ ከሆነ ማታ ማታ በስልክሽ ደውላ ድምፁን ትስማ። ለአውዳመት ደግሞ ደመወዟን ሳትቆርጪ፣ የመሳፈሪያውን ጨምረሽ ወደ ልጇ ስደጃት።