ጠቢብና ጠይብ

አንድ ሰው በእጁ የሠራውን ነገር ምክንያት ማስረዳት ባይችል፣ ነገሩን ያውቀዋል ለማለት ይቻላልን? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ለባለ እጅ የምንሰጠው ክብርና የምንከፍለው ዋጋ፣ ልጆቻችንም በየትኛው ሙያ እንዲኮሩ በየትኛው እንዲያፍሩ የምናደርገው፣ ለዚህ ጥያቄ በምንሰጠው መልስ መሠረት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ ዕቃ አማካይነት እንመርምረው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው በለንደን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ ቁመቱ ወደ 16 ሴንቲሜትር የሚደርስ የብርጭቆ ዋንጫ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በሮማውያን ግዛት የተሠራ ነው። በላዩ የተቀረጸው ሊኩርጎስ የተባለው ንጉሥ በወይን ሐረግ ተተብትቦ ሲታገል ስለሆነ፣ የሊኩርጎስ ዋንጫ ተብሎ ይጠራል። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ ነው፤ መብራት ከውስጡ ሲበራ ግን እንደ ደም ይቀላል። የሠራው ሰው ስም አይታወቅም።

ሙዚየሙ ዋንጫውን በ1958 ከገዛው በኋላ፣ የሳይንስ ሊቃውንት ከእርሱ የተገኘ ጥቂት ስብርባሪ መረመሩ። በ1990 በታተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ በብርጭቆው ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 300 ያህሉ ብር፣ 40 ያህሉ ደግሞ ወርቅ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው፣ ስፋታቸው ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር የሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ሆነዋል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ቅንጣቶች ቀለም የሚለውጡት እንዴት ነው? በብረታ ብረት ውስጥ ከአንድ ቦታ ያልታሰሩ፣ እንደ ልባቸው የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃን ሞገድ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛቸዋል። በደቃቅ ቅንጣት ውስጥ የተወሰኑ ኤሌክትሮኖች ደግሞ የራሳቸው የመወዛወዝ ምት አላቸው። በዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ከምቱ ጋር ሲገፉት ከፍ እንደሚል፣ ከምቱ ውጭ ሲገፉት ግን እንደሚደናቀፍ ሁሉ፣ ቅንጣቶቹም ከምታቸው ጋር የሚስማማውን ቀለም ይዘው ይበትናሉ፤ ሌላውን ያሳልፋሉ። በዋንጫው ውስጥ የሚበተነው አረንጓዴው፣ የሚያልፈው ቀዩ ነው።

የዚህን ምስጢር በር በሳይንስ መንገድ ያንኳኳው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። በ1857 በለንደን ባሰማው ንግግር፣ ተቀጥቅጦ እጅግ የሳሳ ወርቅ ከላዩ ሲያዩት ቢጫ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ግን አረንጓዴ እንደሚሆን አስረዳ። ወርቅ የተሟሟበትን ፈሳሽ በፎስፎረስ አማካይነት ቀይ አድርጎ፣ መቅላቱ በዓይን ከማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች የመጣ መሆኑን ገለጸ። በ1908 ጀርመናዊው ጉስታፍ ሚ ነገሩን በሒሳብ አረጋገጠ። ዛሬ በእርግዝና መመርመሪያ ላይ የምትታየው ቀይ መስመር ብዙውን ጊዜ የእነዚሁ የወርቅ ቅንጣቶች ሥራ ናት።

እንግዲህ የዋንጫው ሠሪ ስለ ኤሌክትሮን የሰማው ነገር የለም። ከዚህ ተነሥቶ «በአጋጣሚ አገኘው እንጂ አላወቀም» የሚል ይኖራል። የመጀመሪያው ቅልቅል አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ዋንጫውን ከውስጥ ለተመለከተው፣ ከዋና ዋናዎቹ ምስሎች በስተጀርባ ብርጭቆው ተቦርቡሮ ይገኛል። በዚህም የምስሎቹ ውፍረት ከግድግዳው ውፍረት ጋር ስለተቀራረበ፣ የሚያልፈው ብርሃን እኩል ይቀላል። ብርሃኑ በየት እንደሚያልፍና ምን እንደሚያደርግ ያላወቀ እጅ እንዲህ አይቦረቡርም። ምክንያቱን ባይናገርም ውጤቱን አስቀድሞ አይቶታል። ይህ ዕውቀት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በሌላ በኩል ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም። እንዲህ ቀለሙን ከሚለውጠው የጥንት ብርጭቆ እስከ ዛሬ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ሙያው ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀብሯል። የፋራዴይ ንግግር ግን ታትሞ ስለተላለፈ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊወርሰው ችሏል። ንድፈ ሐሳብ ከተግባር የሚበልጠው በክብር ሳይሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በመተላለፍ አቅሙ ነው።

ታዲያ ባለ እጅ ለምን ዝም ይላል? ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ብቸኛ ሀብቱ ስለሆነ ነው። ለዚህ ከራሳችን ቋንቋ የሚቀርብ ምስክር አለ። «ጠቢብ» እና «ጠይብ» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። አንደኛው የሊቅ ማዕረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ጭቃ ለውሶ ድስት የሚሠራው ሰው ስድብ ሆኖ ኖረ። በማረሻው ያረሰ፣ በድስቱ የበላ ሁሉ «ቡዳ ነው» እያለ ሸሸው፤ በብዙ አካባቢም ርስት ነፈገው። መሬት ለተነፈገና ለተሰደበ ሰው «ምስጢርህን ለሕዝብ ግለጥ» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ፋራዴይ ራሱ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገብቶ ለሰባት ዓመት ሠርቷል። በእኛ ዘንድ ተወልዶ ቢሆን «የጠይብ ልጅ» ተብሎ ከደጅ በተመለሰ ነበር። ስንቱ እንዲሁ ተመልሶ ይሆን?

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፦ እጅ ያውቃል፤ ዕውቀቱ ግን ለሌላ እስኪተላለፍ ድረስ በሞት ጥላ ሥር ነው። ከዚህ ሁለት ግዴታ ይወለዳል። ባለ እጅ ሙያውን ማስተማር፣ የተማረውም ሰው ወደ ወናፉና ወደ ሸክላው ደጅ እንደ ተማሪ ሄዶ መጠየቅ፣ የተቀበለውንም ሲጽፍ የሰጠውን ሰው በስሙ መጥራት ይገባዋል። የሁለተኛው ግዴታ ከፊተኛው ይቀድማል። ስሙን በአክብሮት የጠሩለት ሰው፣ የሚያውቀውን ለመንገር አይሰስትምና።