በጾመ ነቢያት ሆስፒታል ለተኛች እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የምንጾመው ጾመ ነቢያት ልደትን የምንጠብቅበት ጾም ነው። ስለዚህ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ቀናቸው ሳይደርስ ስለሚወለዱ ሕፃናት ብናገር ከጾሙ የወጣሁ አይምሰላችሁ። ቅዱስ ሉቃስ የልደቱን ነገር የሚጀምረው በሁለት ነፍሰ ጡሮች ነው። ኤልሳቤጥ በስተርጅና ፀንሳ አምስት ወር ራሷን ሰወረች። በስድስተኛው ወር ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት የኤልሳቤጥንም ነገር ነገራት። እመቤታችን ታዲያ ይህን ሰምታ «እግዚአብሔር ያውቅላታል» ብላ አልተቀመጠችም። ፈጥና ወደ ተራራማው አገር ወጣች፤ ሦስት ወር ያህልም ከእርሷ ጋር ቆየች /ሉቃ. 1፥24-56/። አምላክን በማኅፀኗ የተሸከመችው እናት የሌላይቱን ነፍሰ ጡር ደጅ አንኳኳች!

እኛስ? ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የማውቃት እኅት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ትጾም ነበር። ራስ ምታት ጀመራት፤ «ከጾሙ ነው» አለች። ፊቷና እጇ አበጠ፤ ጎረቤቶቿ «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» አሏት። ዐይኗ ብዥ ሲልባት ባሏ ደንግጦ በታክሲ ይዟት ሄደ። ሆስፒታል ግፊቷ እንደ ተለካ አዋላጇ ቆማ አልጠበቀችም፤ ሮጣ ሐኪም ጠራች።

ይህ የእርግዝና ደም ግፊት የሚባለው ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ኩላሊትን፣ ጉበትንና አእምሮን ይጎዳል። ካልታከመ እናቲቱን ጥሎ ያንቀጠቅጣታል። ስንት ቤት ነው ይህን መንቀጥቀጥ «ቡዳ ነው፣ ዛር ነው» እያለ ሰዓቱን የሚያቃጥለው! ሐኪሞቹ ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። መንቀጥቀጡን የሚከላከል ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት ሰጧት፤ ግፊቷን የሚያወርድም ጨመሩላት፤ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌም ወጓት። የሕመሙ ዋና መፍትሔ መውለድ ነውና ከሁለት ቀን በኋላ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ 1,400 ግራም ነበር።

ጾሙ አመጣባት እያልኩ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። የሕመሙ መነሻ ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ምልክቱን ሁሉ በጾም አሳብባ ቤት ተቀመጠች። ነፍሰ ጡር ሆና ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከጎድን በታች ሕመም የሚሰማት እኅት ቅዳሴው እስኪያልቅ እንኳ መጠበቅ የለባትም። ትሂድ!

ከወለደች በኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ነበር። እልልታ የለም። ገንፎ የሚያገነፋ የለም። ልጁ ማሞቂያ ክፍል ገብቷል፤ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ተደርጎለታል፤ እናቱ ጡቷን እያለበች በትንሽ ብርጭቆ ትወስድለታለች። ጠያቂ መጥቶ «ምን ወለድሽ?» ሲላት አንገቷን ትደፋለች። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አዘዙላት፤ እርሷ ግን «ልጄ በዚህ ሁኔታ እያለ ጾም ገድፌ እግዚአብሔርን ላስቆጣው?» ብላ እንቢ አለች። ሽሮዋንም ሳትጨርስ ትመልሳለች።

የንስሐ አባቷ ተጠርተው መጡ። አልጋዋ አጠገብ ቆመው ጸሎት አደረሱና «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይፍታሽ። የታዘዘልሽን ብዪ። ይህ ሕፃን የሚጠባው ከአንቺ ነው፤ አንቺ ከደረቅሽ እርሱ ምን ይበላል? ጾሙን እኛ እንጾምልሻለን» አሏት። ያን ቀን በላች።

አባ የፈጠሩት አዲስ ሥርዓት የለም። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ጾም ባዘዘበት አንቀጽ ሕመም የያዘውን ሰው ለይቶታል። ጾም ፈቃደ ሥጋን ለማድከም ነው እንጂ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ለማስራብ አይደለም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር፣ አራስም ሆነሽ ሐኪም ምግብ ያዘዘልሽ እኅቴ፥ ተደብቀሽ እየበላሽ ኅሊናሽን አታቁስዪ፤ ተርበሽም ልጅሽን አትጉጂ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

«እናቶቻችን ጾመው ወልደዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወልደዋል። ስንቶቹ እንደ ተቀበሩስ ማን ቆጠረ? በገና ወደምንዘክራት ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ዳር የአንዲት እናት መቃብር ነበረ፤ ራሔል ብንያምን ስትወልድ ምጥ ጸንቶባት የሞተችው እዚያ ነው /ዘፍ. 35፥16-20/። በአጠገቧ አዋላጅ ነበረች፤ አጽናናቻት፤ ሊረዳት የሚችል መድኃኒት ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። ለእኛ ዘመን ተሰጥቶናል። የተሰጠንን ትቶ መሞት እምነት ይባላል እንዴ?

ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብረው ይመክራል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ ጸሎት አድርሰንም ለሐኪሙ ቦታ እንድንሰጠው ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለነፍሰ ጡርም ያው ነው። ጸበሉን በእምነት ትጠመቅ፤ የግፊት ክኒኗን ግን አታቋርጥ። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደው ሕፃን ደግሞ ቅቤም ሆነ ውኃ፣ ጸበልም ቢሆን፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ በአፉ አታድርጉ። ይህ ጸበሉን መናቅ አይደለም፤ ገና መዋጥ ያልተማረ ጉሮሮ ስለሆነ ነው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሌላም ወሬ አለ፤ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ለተጨነቀች እናት ምን እንደሚያቀብሏት አያውቁም። በማኅፀን የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንት ለሕፃኑ ጥቅም ነው፤ ስምንተኛው ወር ከሰባተኛው ይሻላል። ደግሞስ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን የጠራው በምን ስም ነው? ጭንጋፍ ብሎ ነው /1ኛ ቆሮ. 15፥8/። ሰው የሚያፍርበትን ስም ብርሃነ ዓለም ጳውሎስ ለራሱ ወሰደው። ዳዊትም ገና አካሉ ሳይሠራ የእግዚአብሔር ዐይኖች እንዳዩት ይመሰክራል /መዝ. 138/። በሰው ዐይን ከመዳፍ የማይበልጠውን ሕፃን እግዚአብሔር ሙሉ ሰው አድርጎ ያየዋል። አንገት የሚያስደፋ ምን አለው?

አሁን ወደ ባሎች ልምጣ። ሚስትህን ሆስፒታል አስገብተህ በር ላይ መቆም ብቻ አይበቃም። ማሞቂያ መሣሪያ ባነሰበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ የተጀመረ አንድ እንክብካቤ አለ፤ ካንጋሮ ይሉታል። ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ተጣብቆ ይታሰራል። የእናቱ ሙቀት ያሞቀዋል፤ ጡቱም ቅርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ከተወለደ ጀምሮ ወዲያው እንዲደረግ መክሯል። እናት ስትደክም አባት ደረቱን ይስጥ፤ ለአባትም ይፈቀዳል። ያ የነገርኳችሁ ወንድማችን መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ በኋላ ግን ሸሚዙን ከፍቶ ሲቀመጥ ነርሶቹ ማስነሣት ተቸገሩ።

ለጉባኤያችንና ለማኅበሮቻችንም የምለው አለኝ። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናት የሚያድናት ሌላ ሰው አስቀድሞ የሰጠው ደም ነው፤ ጤነኛ የሆናችሁ ወጣቶች ከጾሙ በፊትም ሆነ ከፍስክ በኋላ ወደ ደም ባንክ ሂዱ። ለጠያቂነት ስትሄዱ ሕፃኑን ለማየት አትጋፉ፤ ጉንፋናችሁ ለእርሱ ሞት ነው። ለእናቲቱ ትኩስ አጥሚት ያዙላት፤ ሌሎቹን ልጆቿን አብሉላት፤ ልብሷን እጠቡላት። እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ሦስት ወር ምን ስትሠራ የቆየች ይመስላችኋል?

ስለ ጥምቀቱ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቋ የታወቀ ነው። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ቀኑ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ካህን ጥሩ። በሕክምና ላይ ሳለ ቀኑ ቢያልፈውም ከሆስፒታል ሲወጣ ይጠመቃል፤ «ቀኑ አለፈ» ብላችሁ እቤት አታስቀምጡት። ታኅሣሥ 19 በቅዱስ ገብርኤል ስለታችሁን የምታስገቡ ደግሞ ጥላውም ሻማውም ይቅረብ፤ በዚያው ቀን ግን ጥቂት ዳይፐርና ሳሙና ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጎራ በሉ። በር ላይ ላለችው ነርስ ብትሰጧት ለማን እንደሚያስፈልግ እርሷ ታውቃለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።